ብስክሌቴን ኩንታል አስመስዬ ላክሁት

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እህል በረንዳ ደርሻለሁ። ከጎኔ አንድ ብስክሌት፣ አንድ ትልቅ ባዶ ካርቶንና ሁለት ማዳበሪያ አለ። ሌሊቱን ከጎጃም የገቡ አይሱዙዎች ጤፍ እያራገፉ ነው። ተሸካሚዎች ኩንታሉን ትከሻቸው ላይ አድርገው «ወገድ! ወገድ በሉ!» እያሉ ይተላለፋሉ። እኔ ደግሞ ብስክሌቴን ይዤ በትክክል መሀል መንገዳቸው ላይ ቆሜያለሁ።

የመጣሁት እህል ልገዛ አይደለም። ባሕር ዳር ላለው ታናሽ ወንድሜ ብስክሌት ልልክ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ።

የመጀመሪያውን ላውራችሁ። ወንድሜ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ ሲፈልግ ከርሞ፣ አምና አንድ ዕቃ በየቤቱ የሚያደርስ ሱቅ «የራስህ ብስክሌት ካለህ ሰኞ ጀምር» አለው። ባሕር ዳርን ለምታውቁ ነገሩ አይገርምም። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ብስክሌት ደግሞ እግሯ ነው። እማዬ እቁብ ደርሷት ነበርና ግማሹን እሷ፣ ግማሹን እኔ አዋጥተን አዲስ አበባ ላይ ደህና ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁ። ከዚያ ምንም ሳልፈታ፣ ምንም ሳልጠቀልል፣ እንዳለ ለአንድ አጓጓዥ ሰጠሁት። ስሙን አልጠራም። ከግማሽ በላይ ጥፋቱ የእኔ ነውና።

ሲደርስ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ተጣሟል። የኋላው ማርሽ ወደ ውስጥ ታጥፎ ጎማው ውስጥ ገብቷል። አንድ ፔዳል የለም። ልከራከር ስል «ደረሰኝሽን አምጪ» ተባልኩ። ደረሰኝ አልተቀበልኩም። ዕቃው ተፈልጎ እስኪጠገን ሦስት ሳምንት ሄደ፤ ሥራውንም ሌላ ልጅ ያዘው። ወንድሜ በስልክ «ምንም አይደል እታለም» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ያንን ብስክሌት ከተጠገነ በኋላ ሸጠው፣ ገንዘቡንም ቤት ኪራይ በላው። ዘንድሮ ሌላ ሱቅ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀው። እኔም ይህን ጊዜ ከመላኬ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጠይቅ ከረምኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

መጀመሪያ ለኩ፣ ከዚያ ዋጋ ጠይቁ

ብዙዎቻችን «ብስክሌት ስንት ኪሎ ነው?» ብለን እንጀምራለን። የተለመደ ብስክሌት ከ13 እስከ 18 ኪሎ ቢመዝን ነው። ችግሩ ግን ክብደቱ አይደለም፣ የሚይዘው ቦታ ነው።

አንድ የተለመደ የብስክሌት ካርቶን 140 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 80 ከፍታና 20 ስፋት አለው እንበል። በአውሮፕላን የሚልኩ ፈጣን ድርጅቶች ሦስቱን ቁጥሮች አባዝተው አብዛኛውን ጊዜ ለ5000 ያካፍላሉ። የእኛው 44.8 ይመጣል። ይህ ማለት ሚዛን ላይ 16 ኪሎ የሆነው ብስክሌት የሚከፈልበት እንደ 45 ኪሎ ነው። ውጭ ሀገር ሆናችሁ ለቤተሰብ ብስክሌት ለመላክ የምታስቡም ይህቺን ሒሳብ ሳትሠሩ እንዳትነሡ።

ፖስታስ? የኢትዮጵያ ፖስታ ከ1886 ዓ.ም ጀምሮ ያለ አንጋፋ ተቋም ነው። ደረሰኝና መከታተያ ቁጥር ስላለው ልብ ያሳርፋል። ነገር ግን ፖስታ የመጠን ልክ አለው። በዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ ለዓለም አቀፍ ጥቅሎች የተቀመጠው ትልቁ ልክ አንዱ ጎን ከ2 ሜትር፣ ርዝመቱና ዙሪያው ተደምሮ ደግሞ ከ3 ሜትር እንዳይበልጥ ነው። የእኛ ካርቶን 140 ሲደመር ዙሪያው 200፣ በጠቅላላው 3 ሜትር ከ40 ይሆናል። አለፈ! ሁለቱንም ጎማ ፈትታችሁ ጥቅሉን ወደ 110 በ70 በ25 ብታወርዱት ግን ልክ 3 ሜትር ላይ ያርፋል። ለሀገር ውስጥ ስትልኩም መጀመሪያ ለክታችሁ፣ ቁጥሩን ይዛችሁ መስኮቱ ላይ ጠይቁ። ተሸክሞ ሄዶ ተሸክሞ ከመመለስ ያድናችኋል።

የሕዝብ አውቶቡስ ፈጣን ነው፣ አውቶቡስ ተራም ቅርብ ነው። ነገር ግን ከላይ የሚጫን ብስክሌት በየከተማው ሰው በወረደ ቁጥር አብሮ ይነሣል፣ ይገፋል፣ ሻንጣ ይደረብበታል። የእኔን ምን እንዳገኘው ነግሬያችኋለሁ።

እህል በረንዳ ለምን?

መልሱ ቀላል ነው። ጤፍ ጭኖ የመጣ መኪና ባዶውን መመለስ አይፈልግም። ነዳጁን ለሁለቱም ጉዞ ያወጣል፤ ስለዚህ ሲመለስ ያገኘውን ይጭናል። ሳሙና፣ ቆርቆሮ፣ የሱቅ ዕቃ፣ የቤት ዕቃ። ለሹፌሩ የእናንተ ብስክሌት ጎን ላይ የምትሸጎጥ ትርፍ ናት። እኔ የተከፈለኝ... ይቅርታ፣ እኔ የከፈልኩት አንድ ፈጣን መልእክት አድራሽ ከጠየቀኝ ሩብ እንኳ አይሞላም ነበር። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ብሩን አልጽፍላችሁም፤ ቢያንስ ሦስት ቦታ ጠይቁና አወዳድሩ።

ርካሽነቱ እንዲህ ከሆነ፣ አደጋው የት ነው? ይህንን የነገሩኝ የጆንያ አፍ የሚሰፉ አንድ አባት ናቸው። ብስክሌቴን ሲያዩ ሳቁና፦

«ልጄ፣ እዚህ የምናውቀው ኩንታል ነው። ሲጫንም እንደ ኩንታል፣ ሲወርድም እንደ ኩንታል ነው። ብስክሌትሽን ለዚያ አዘጋጂው። እኛ ላንቺ ብስክሌት ስንል አንለወጥም።»

ሁለት ሳምንት ከጠየቅሁት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። አምና እኔ የጠበቅሁት ሰዎቹ እንዲጠነቀቁልኝ ነበር። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መሀል ላይ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለ። ማንም እስከዚያ ድረስ ብስክሌት አቅፎ አይሄድም። መጠንቀቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ያውም ከመጫኑ በፊት።

እንዴት ይታሸጋል?

ካርቶኑን አትግዙ። አዲስ ብስክሌት ለሱቆች የሚመጣው በካርቶን ነው፤ ሱቆቹ ገጣጥመው ካወጡት በኋላ ባዶው ቦታ ያጣብባቸዋል። እኔ ጠይቄ በሻይ ገንዘብ ወሰድኩ። ከካርቶኑ ጋር ሹካው መሀል የሚገባ ትንሽ ፕላስቲክ ካለ እሱንም ለምኑ፣ ምክንያቱን አሁን ታያላችሁ።

የሰፈራችን ብስክሌት ጠጋኝ እያሳየኝ እንዲህ ፈታነው።

አንደኛ፣ ፔዳል። ብዙውን ጊዜ 15 ቁጥር ቁልፍ ይፈታዋል። የቀኙ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። የግራው ግን ተቃራኒ ነው፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ነው የሚፈታው። ይህን ሳያውቅ ጥርሱን የበላ ስንቱ ነው!

ሁለተኛ፣ የፊት ጎማ። ጎማው ሲወጣ የሹካው ሁለት እግሮች ባዶ ይቀራሉ። ከጎን የሆነ ነገር ከተጫናቸው ይገጥማሉ። ያቺ ፕላስቲክ፣ ከሌለች በልኩ የተቆረጠ እንጨት፣ መሀላቸው ገብታ ትታሰር። የዲስክ ፍሬን ካለው ፍሬኑ ውስጥ ወፍራም ካርቶን አስገቡ፤ መያዣው በስህተት ሲጨበጥ እንዳይገጥም።

ሦስተኛ፣ የኋላ ማርሽ። ከብስክሌቱ ሁሉ ቶሎ የሚሰበረው ይህ ነው። አንዷን ብሎን ፈትታችሁ ማርሹን በጨርቅ ጠቅልሉና ወደ ውስጥ፣ በካቴናው በኩል እሰሩት። ገመዱን መፍታት አያስፈልግም።

አራተኛ፣ መሪና ኮርቻ። የኮርቻውን ቁመት በፕላስተር ምልክት አድርጋችሁ አውጡት። መሪውን ፈትታችሁ ከአካሉ ጎን ጠፍሩት።

የጎማውን አየር ቀንሱ እንጂ ጨርሳችሁ አታውጡ። የቀረችው አየር ቸርኬውን ከምት ትከላከላለች። አካሉን በአሮጌ ልብስ ወይም በስፖንጅ ጠቅልሉ፤ ብረት ከብረት ጋር እንዳይነካካ። ፔዳል፣ ብሎንና ዳዶ በአንድ ከረጢት ይግቡና ከአካሉ ጋር ይታሰሩ። ካርቶኑን ቀዳ አንዲት ቪቴ ከወደቀች ፍለጋው እዚያ ነው የሚጀምረው።

ካርቶኑ ከተዘጋ በኋላ እኚያ አባት ሁለቱን ማዳበሪያ ቀድደው፣ ቀጥለው፣ ዙሪያውን በሲባጎ ሰፉልኝ። ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም። በሁለት በኩል የሚያዝ ጆሮም አበጁለት። የሚያዝ ነገር ካለ ተሸካሚ አይጥልም። በሁለቱም ጎን የተቀባዩን ስምና ስልክ በትልቁ ጻፍኩ። ውጪው ቢቀደድ እንኳ እንዲገኝ አንድ ወረቀት ውስጥም አስቀመጥኩ።

ስልካችሁ ምስክር ነው

ከመታሸጉ በፊት ብስክሌቱን ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሡ። ብዙውን ጊዜ ከፔዳሉ ዘንግ በታች የሚገኘውን የአካሉን ቁጥርም አትርሱ። መኪናው ላይ ሲጫን ታርጋውን ጨምራችሁ አንሡ። ክፍያው በቴሌብር ከሆነ ማረጋገጫው ስልካችሁ ላይ ይቀራል። እኔ ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ ሲደርስ ብዬ ተስማማሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ወረቀት። በደላላ በኩል ላገኛችሁት መኪና ሳይሆን ቢሮ ላለው የጭነት ሠራተኛ ስጡ። ወረቀቱ ላይ የላኪና የተቀባይ ስም፣ «አንድ ብስክሌት፣ የታሸገ» የሚል፣ ዋጋው፣ ታርጋውና ቀኑ ይስፈር። በየብስ ዕቃ ማጓጓዝን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 547/1999 የሚባል ሕግ አለን፤ አጓጓዥ ለተረከበው ዕቃ ኃላፊነት አለበት። ግን መረከቡን በምን ታሳያላችሁ? እኔ አምና ያጣሁት ይህንን ነው።

ሲጫን አጠገቡ ቁሙ። ሁለት ነገር ብቻ ለምኑ፦ በመጨረሻ ይጫን፣ ቆሞ ይታሰር። ከተኛ ላዩ ላይ ይደረብበታል። መንገዱ ክፍት መሆኑንና መኪናው የሚነሣበትን ሰዓትም ጠይቁ፤ ለሥራ የሚፈለግ ዕቃ ከሆነ ሦስት አራት ቀን ቀደም ብላችሁ ላኩ።

ተቀባዩንም አስጠንቅቁ። ከመፈረሙ በፊት ይክፈተው፤ ሲከፍተውም ቪዲዮ ይቅረጽ።

የእኔው ሐሙስ ተጭኖ ቅዳሜ ከሰዓት ደረሰ። ወንድሜ ቪዲዮውን በቴሌግራም ላከልኝ። ስፌቱ እንዳለ ነው። ማዳበሪያው አንድ ጥግ ላይ ተቀድዷል፣ ካርቶኑም ተጨርምቷል፤ ብስክሌቱ ግን አንድ ጭረት የለውም። ሹካውን ጠጋ ብሎ ሲያሳየኝ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ቀጥ ያለ ነው።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለ።

«እታለም፣ ሁሉንም ገጠምኩ። የግራው ፔዳል ብቻ እምቢ አለኝ።»

«ወደ ግራ አዙረው» አልኩት። «የግራው ተቃራኒ ነው።»

ትንሽ ዝም አለና ሳቀ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባ።