ልጅዎን የኪቦርድ ክፍል ከማስመዝገብዎ በፊት

መቐለ በሚገኘው አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ዘመድ ሊቀበሉ ሄደው የሚያውቁ ከሆነ፣ ከሻንጣው ጋር ረጅም ጠፍጣፋ ካርቶን ይዞ የሚወጣ መንገደኛ አይተው ይሆናል። ኪቦርድ ሊሆን ይችላል። በጦርነቱ ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ተቋርጦ የነበረው የመንገደኞች በረራ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ዳግም ሲጀመር፣ በዚያ ቦታ ተቃቅፈው የተላቀሱትን ቤተሰቦች ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን አይተናል። ዛሬ ከአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ አገር የሚመጣ አጎት ወይም አክስት ለልጆች ይዞ የሚመጣው ልብስና ጫማ ብቻ አይደለም።

ኪቦርዱ ቤት ከገባ በኋላ ግን “ማን ያስተምረው?” የሚል ጥያቄ ይከተላል። የግል አስተማሪ ዋጋው ስለሚከብድ፣ ስድስትም አስርም ልጆች አንድ ላይ የሚማሩበት ክፍል ይመረጣል። አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ ልጆችን በቡድን ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በዛሬው ዓምዳችን እንዲህ ዓይነቱ ክፍል ለልጅዎ ጆሮ፣ እጅና መንፈስ ምን እንደሚያደርግ እንመለከታለን።

አስቀድመን አንድ ተስፋ እናስተካክል። “ሙዚቃ የሚማር ልጅ አእምሮው ይከፈታል” ሲባል ሰምተው ይሆናል። በካናዳ ቶሮንቶ ግሌን ሼለንበርግ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ 144 የስድስት ዓመት ልጆችን በአራት ከፍለው፣ አንዱን ቡድን ኪቦርድ፣ ሁለተኛውን ድምፃዊነት፣ ሦስተኛውን ድራማ ለ36 ሳምንታት አስተማሩ፤ አራተኛው በዚያ ዓመት ምንም አልተማረም። ልጆቹ የሚማሩት ስድስት ስድስት እየሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው ውጤት መሠረት ሙዚቃ የተማሩት በአእምሮ ብቃት መለኪያ ከሌሎቹ የበለጠ ጨምረዋል፤ ልዩነቱ ግን ሦስት ነጥብ እንኳ አይሞላም። ከዚያ በኋላ ከተሠሩት ጥናቶች ይህንኑ ያህል ያላገኙም አሉ። ይበልጥ የሚገርመው ሌላው ውጤት ነው፦ ከሰው ጋር የመግባባት ባሕርያቸው የተሻሻለው ድራማ የተማሩት እንጂ ኪቦርድ የተማሩት አልነበሩም።

ለምን ይሆን? እንደኔ ግምት ድራማ ያለ ጓደኛ አይሠራም። ኪቦርድን ግን አስር ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ የጆሮ ማዳመጫውን ደፍቶ፣ ለየብቻው ሊማረው ይችላል። ይህ በስሙ እንጂ በተግባሩ የቡድን ትምህርት አይደለም። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት አስተማሪውን “ልጆቹ ማዳመጫውን አውልቀው አብረው የሚጫወቱት ስንት ደቂቃ ነው?” ብለው ይጠይቁ። “ጀማሪዎች ናቸው፣ አብረው መጫወት አይችሉም” የሚል መልስ አይቀበሉ። ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ጥቁር ቁልፎች ከግራ በኩል የመጀመሪያው ላይ ተነስቶ ወደ ቀኝ አምስት ጥቁሮችን የተጫነ ልጅ የትዝታ ሜጀርን ቅኝት አገኘ ማለት ነው። በእነዚህ አምስት ቁልፎች ብቻ የሚጫወቱ ልጆች በመጀመሪያው ቀንም ቢሆን ድምፃቸው እምብዛም አይጋጭም።

ወደ ጆሮ እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች በማዳመጫ የሚሰማ ድምፅ ከ75 ዴሲቤል ሳይበልጥ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ቢሆን ጉዳት እንደማያስከትል ያስቀምጣል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 84 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 5 ሰዓት ብቻ ይሆናል። መለኪያ መሣሪያ ባይኖርዎትም፣ ልጁ ማዳመጫ አድርጎ ሲጫወት አጠገቡ ቆመው ዜማው ለእርስዎ ከተሰማዎት ድምፁ በዝቷል። ማዳመጫውን ልጆች የሚቀባበሉት ከሆነ በየተራው መጥረግ ያስፈልጋል፤ ቅማልም በዚያው ሊተላለፍ ይችላል። ጆሮው መግል የሚያወጣ ልጅ ማዳመጫ ከማድረጉ በፊት ጤና ጣቢያ ይታይ።

አቀማመጥን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። ምግብ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ኪቦርድ ለሰባት ዓመት ልጅ በጣም ከፍ ይላል፤ ትከሻው ይሰቀላል፣ አንገቱ ይደክማል። ክርኑ ከቁልፎቹ ጋር እስኪስተካከል ድረስ የታጠፈ ጋቢ ወንበሩ ላይ ያድርጉለት፤ ተንጠልጥሎ የሚቀረውን እግሩን ደግሞ የለስላሳ ሳጥን ላይ ያሳርፉለት። እጁን ካመመው ወይም ጣቶቹ ከደነዘዙ በዚያ ቀን ይበቃዋል፤ “ቻል አድርገው” አይባልም። ለጀማሪ በቀን 10 ወይም 15 ደቂቃ ልምምድ በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ ረጅም ልምምድ ይሻላል። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዱ፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ጊዜ ኪቦርዳቸውን ከመኪናቸው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። የተገኘችው ክፍተት ለእርሳቸው በቂ ነበረች።

የመጨረሻው ጉዳይ በተለይ ጦርነት ባለፈበት አካባቢ የሚያድጉ ልጆችን ይመለከታል። በብዙ ኪቦርዶች ላይ በመደበኛነት ከሚጫኑት 128 ድምፆች መካከል 126ኛው ሄሊኮፕተር፣ 128ኛው ተኩስ ነው። ልጆች እንዲህ ያለውን ድምፅ ፈልገው ያገኙታል፤ ደጋግመውም ይጫኑታል። ለአንዱ ሳቅ የሆነው አጠገቡ ለተቀመጠው ልጅ ሌላ ነገር ሊያስታውሰው ይችላል። አውሮፕላን ከአሉላ አባ ነጋ ሲነሳ ወይም ሊያርፍ ሲል ሥራውን ትቶ ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥ፣ አልፎም የሚሸሸግ ልጅ ካለዎት ነገሩ ይገባዎታል። አስተማሪው እነዚህን ድምፆች ከመጀመሪያው ቀን እንዲከለክል፣ ትምህርቱን በዝቅተኛ ድምፅ እንዲጀምር፣ የደነገጠ ልጅም በር አጠገብ እንዲቀመጥ ወይም ለጥቂት ጊዜ እንዲወጣ እንዲፈቅድ አስቀድመው ይነጋገሩ። ምክንያቱን በሌሎች ልጆች ፊት መናገር አያስፈልግም።

አብሮ መጫወት እንዲህ ያለውን ልጅ ሊያረጋጋው ይችላል፤ ሕክምና ግን አይደለም። ልጁ ሌሊት እየቃዠ የሚነሳ፣ አቁሞት የነበረው አልጋ ላይ መሽናት የተመለሰበት፣ ከጓደኞቹ የሚሸሽ ወይም በትንሽ ድምፅ የሚርበደበድ ከሆነና ይህ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ፣ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። መቐለ ላይ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ከሆነ ወደ ዓይደር ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሊላክ ይችላል። የኪቦርድ ትምህርቱን ልጁ ራሱ ካልፈለገ በቀር ማቋረጥ አያስፈልግም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።