የቱሬት ሕመም መንስኤ

በክፍል ውስጥ ዐይኑን ደጋግሞ የሚያርገበግብ፣ ትከሻውን የሚሰብቅ፣ አንገቱን የሚወዘውዝ፣ ወይም ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ዘወትር «ህም» የሚል ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ስም ባለጌ ወይም ቀልደኛ የሚል ነው። መምህሩ ይቈጣዋል፤ ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ ወላጆቹም ጠባዩ የተበላሸ መስሏቸው ይገሥጹታል። ይሁን እንጂ ልጁ ይህን የሚያደርገው ወድዶ ሳይሆን ከአንጎሉ አሠራር የተነሣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቱሬት ሕመም ስለሚባለው ሕመምና ሊቃውንት ስለ መንስኤው መርምረው ስለ ደረሱበት ነገር ለክቡራን አንባብያን ልናስረዳ እንወድዳለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ መለየት ይገባል። ድንገት የሚመጣውን፣ አጭርና ተደጋጋሚ የሆነውን እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ ሐኪሞች ቲክ ይሉታል። አንድ ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላው ከአንድ የበለጡ የእንቅስቃሴ ቲኮችና ቢያንስ አንድ የድምፅ ቲክ ታይተውበት፣ ከጀመሩም ከአንድ ዓመት በላይ ቢቈዩ፣ ያመጣቸውም ሌላ ሕመም ወይም መድኀኒት ባይሆን፣ ሕመሙ የቱሬት ሕመም ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ከዚያ በኋላ በብዙዎቹ ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። በወንዶች ልጆች ላይ የሚታየው ከሴቶች ይልቅ ሦስትና አራት እጥፍ ያህል ነው። ሕመምተኛው ሁሉ የስድብ ቃል ይናገራል የሚባለው ግን ስሕተት ነው፤ ይህ የሚደርሰው በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው።

ቲክ አንድ ጊዜ ይበረታል፣ ሌላ ጊዜ ይለዝባል። ልጁ ለጥቂት ደቂቃ ሊገታው ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ማስነጠስን እንደ መግታት ያለ ነው። ውስጡ እየከበደው ይሄዳል፣ በመጨረሻም ይለቀዋል። «ሲፈልግ ያቆመዋልና ሆን ብሎ ነው» የሚለው ፍርድ የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሕመም ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ኢታር በ1825 በአንዲት መኳንንት ሴት ላይ አይቶ ጽፎት ነበር። በ1885 ደግሞ በፓሪስ በሳልፔትሪዬር ሆስፒታል የዝነኛው የሻርኮ ደቀ መዝሙር የነበረው ዦርዥ ዢል ደ ላ ቱሬት የዘጠኝ ሕመምተኞችን ታሪክ አሰባስቦ አሳተመ፤ ሕመሙም በስሙ ተጠራ። ቱሬት ገና ያን ጊዜ ሕመሙ በዘር የሚወረስ እንደሚመስለው ገልጾ ነበር። ነገር ግን በሃያኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ይህ ሐሳብ ወደ ጎን ተባለና፣ ሕመሙ ከተጨነቀ ኅሊና ወይም ከወላጆች የአስተዳደግ ጉድለት የመጣ ነው የሚሉ ሐኪሞች በዙ። በዚህም የተነሣ ብዙ እናቶችና አባቶች ያለ ጥፋታቸው ተወቀሱ።

ይህ አስተሳሰብ የተለወጠው በ1960ዎቹ ዓመታት ነው። ሃሎፔሪዶል የተባለው መድኀኒት ቲክን እንደሚያበርድ ታወቀ፤ በኒውዮርክ የሚሠሩት አርተር ሻፒሮና ባለቤታቸው ኢሌን ሻፒሮም ሕመሙ የአንጎል እንጂ የአስተዳደግ እንዳልሆነ አጥብቀው ተከራከሩ። መድኀኒቱ የሚሠራው ዶፓሚን የተባለው፣ በአንጎል ሴሎች መካከል መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር የሚያሳድረውን ኀይል በመግታት ነው። የአንድ መድኀኒት መጥቀም ብቻውን የሕመሙን መነሻ አያረጋግጥም፤ ቢሆንም ተመራማሪዎች ወዴት መመልከት እንደሚገባቸው አመለከታቸው።

የዘርን ድርሻ ለመለየት መንቶች ታላቅ ማስረጃ ናቸው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንቶች የዘር ውርሳቸው አንድ ነው፤ ከሁለት እንቁላል የተገኙት ግን እንደ ማናቸውም ወንድማማች በግማሽ ያህል ብቻ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ዐይነቶች በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ ያድጋሉና፣ ሕመሙ ከአስተዳደግ ብቻ ቢመጣ ኖሮ በሁለቱም እኩል በታየ ነበር። በ1985 የታተመ የ43 ጥንድ መንቶች ጥናት ግን ሌላ አሳየ። ከአንድ እንቁላል በተገኙት ዘንድ አንዱ የቱሬት ሕመም ሲኖርበት ሁለተኛውም የታመመው ከመቶ 53 ያህል ሲሆን፣ በሌሎቹ ከመቶ 8 ብቻ ነበር። ማናቸውም ዐይነት ቲክ ሲቈጠር ቍጥሩ 77 እና 23 ሆነ። በስዊድን ከ4,800 በላይ ሕመምተኞችን የተመለከተውና በ2015 የታተመው ጥናትም፣ በሰዎች መካከል ለሚታየው ልዩነት የዘር ድርሻ ከመቶ 77 ያህል እንደሚሆን ገምቷል።

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ ላይ እውነትነት አለው፤ ሆኖም ዘር ብቻውን አይስብም። ውርሳቸው አንድ የሆነ መንቶች እንኳ ሁልጊዜ አብረው አይታመሙም። የታመመ ሰው ሁሉ የታመመ ልጅ ይወልዳል ማለትም አይደለም።

እንግዲህ የትኛው የዘር ቅንጣት ነው? ተመራማሪዎች በመጀመሪያ አንድ ጂን ብቻ የሚገኝ መስሏቸው ነበር። በ2005 በዬል ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሊቃውንት ስሊትርክ 1 በተባለው ጂን ላይ በጥቂት ሕመምተኞች ለውጥ አገኙ። በ2010 ደግሞ አባትና ስምንት ልጆቹ ሁሉ በታመሙበት በአንድ ቤተሰብ፣ ሂስታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር በሚያሠራው ጂን ላይ ጉድለት ተገኘ። ነገር ግን እነዚህ ለውጦች በአብዛኞቹ ሕመምተኞች ላይ የሉም። በ2017 ከ2,400 በላይ ሕመምተኞች ሲመረመሩ፣ የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ የሚገናኙበትን መንገድ የሚያግዙ ሁለት ጂኖች ጎድለው ወይም ተደጋግመው የተገኙት ከመቶው በአንዱ ያህል ብቻ ነው። በ2019 የ4,819 ሕመምተኞች ውርስ ካልታመሙ 9,488 ሰዎች ውርስ ጋር ሲነጻጸር፣ የሕመሙ ዝንባሌ እያንዳንዳቸው እጅግ ጥቂት ኀይል ባላቸው በብዙ የዘር ልዩነቶች ላይ የተበተነ ሆኖ ታየ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደ ተባለው፣ እያንዳንዱ ክር ደካማ ነው፤ በአንድነት ሲገመዱ ግን ሕመም ያመጣሉ። ስለዚህ ይህን ሕመም በአንድ የደም ምርመራ ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ ሐኪም የሚለየው የልጁን ታሪክ ጠይቆና አስተውሎ ነው።

በአንጎል ውስጥ ስለሚሆነው ደግሞ እንናገር። ከአንጎል ጥልቅ ክፍል ቤዛል ጋንግሊያ የሚባሉ የሴል ክምችቶች አሉ። ሥራቸው በበር ጠባቂ ይመሰላል፤ ከአንጎል ቅርፊት ከሚመጣው የእንቅስቃሴ ትእዛዝ የሚፈለገውን ያሳልፋሉ፣ የማይፈለገውን ይከለክላሉ። በሞቱ ሕመምተኞች አንጎል ላይ በተደረገና በ2005 እና በ2010 በታተመ ምርመራ፣ በዚህ ሥፍራ ሌሎችን ሴሎች የሚገቱና የሚያስተካክሉ የነርቭ ሴሎች ቀንሰው ተገኝተዋል። በ1996 ደግሞ የሕመማቸው ብርታት የተለያየ አምስት ጥንድ ተመሳሳይ መንቶች ሲመረመሩ፣ ሕመሙ በበረታበት መንታ አንጎል የዶፓሚን ተቀባዮች ምልክት በርትቶ ታየ። በር ጠባቂው ሲደክም ያልተጠራ እንቅስቃሴ ሾልኮ ያልፋል ማለት ነው።

ከዘር ውጭ ያለውን ምክንያት በሚመለከት፣ በ1992 በታተመ የመንቶች ጥናት ሲወለድ ክብደቱ ያነሰው መንታ ቲኩ የበረታ ሆኖ ተገኝቷል። በ1998 ደግሞ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው የጉሮሮ ተውሳክ በአንዳንድ ልጆች ላይ ቲክ ያስነሣል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ አከራከረ፤ በአውሮፓ ልጆችን ለብዙ ጊዜ የተከታተለና በ2021 የታተመ ጥናት ግን ተውሳኩና የቲክ መባባስ ግንኙነት እንዳላቸው አላገኘም። የጉሮሮ ሕመም ልብን ወደሚጎዳ በሽታ ሊያደርስ ስለሚችል በራሱ መታከም ይገባዋል። የቱሬት ሕመም ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አብሮ መቀመጥ፣ አብሮ መብላትና መጫወት ምንም አያሠጋም።

ይህ ሁሉ ምርምር ለመምህርና ለወላጅ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ልጁን ስለ ቲኩ መቅጣት ፍትሕ አይደለም፤ ጭንቀት ቲክን ስለሚያባብስ ቅጣት ጉዳቱን ይጨምራል። ሁለተኛ፣ በክፍል ውስጥ ቲኩን እንዳላዩ ማለፍና፣ ሲበረታበት ለጥቂት ጊዜ ወጥቶ እንዲመለስ መፍቀድ ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ ሕመሙ ማስተዋልን አያጠፋም፤ ነገር ግን ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ወይም አንድን ነገር ደጋግሞ ካልሠሩ አለማረፍ ብዙ ጊዜ አብሮት ስለሚመጣ፣ ትምህርቱን የሚጎዳው ከቲኩ ይልቅ ይኸኛው ሊሆን ይችላል። አራተኛ፣ ቲኩ ልጁን የሚያውከው ከሆነ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። መድኀኒት የሚታዘዘው በሐኪም ብቻ ነው። ያለ መድኀኒትም፣ ልጁ ቲኩ ሊመጣ ሲል ዐውቆ በሌላ እንቅስቃሴ እንዲመክተው የሚያለማምድ ትምህርት አለ። በ2010 በታተመ የ126 ልጆች ጥናት ይህን የተለማመዱት ከመቶ 52 ያህሉ ሲሻላቸው፣ ምክርና ማበረታቻ ብቻ ካገኙት የተሻላቸው ከመቶ 18 ያህሉ ነበሩ።

ሊቃውንቱ ገና ብዙ ይፈልጋሉ። ከእኛ የሚጠበቀው ግን የምርምሩን ፍጻሜ ሳይጠብቅ ዛሬ ሊፈጸም ይችላል፤ ይኸውም ልጁ ባልመረጠው ነገር እንዳያፍር፣ ከትምህርት ገበታውም እንዳይርቅ መጠበቅ ነው።