የቻርተር በረራ ተሳፋሪ አደንዛዥ ዕፅ ሲጠቀም፦ የአዛዥ አብራሪው ሥልጣን፣ ግዴታና የሚወስዳቸው እርምጃዎች

የቻርተር በረራ አንድ ደንበኛ አውሮፕላኑን በሙሉ ተከራይቶ፣ በመረጠው ሰዓት ወደ መረጠው ቦታ የሚጓዝበት የአየር ትራንስፖርት አገልግሎት ነው። ባለሀብቶች፣ ጎብኚዎች፣ የግንባታና የማዕድን ድርጅቶች ሠራተኞች፣ የእርዳታ ድርጅቶች እንዲሁም ሕሙማንን የሚያመላልሱ ተቋማት ይገለገሉበታል። አውሮፕላኑ በአብዛኛው አነስተኛ፣ ተሳፋሪዎቹም ጥቂቶች ናቸው። በብዙ በረራዎች ላይ የበረራ አስተናጋጅ የለም፤ አብራሪውንና ተሳፋሪዎቹን የሚለይ የተቆለፈ በርም አይኖርም።

ይህ ቅርበት ለአገልግሎቱ ምቾት የሚሰጠውን ያህል ችግርም ይዞ ሊመጣ ይችላል። አውሮፕላኑን በሙሉ የተከራየ ሰው እንደ ግል ሳሎኑ ሊቆጥረውና በውስጡ አደንዛዥ ዕፅ ለመጠቀም ሊደፍር ይችላል። በዚህ ጊዜ አብራሪው ደንበኛን ላለማስቀየም በሚደረግ ግፊትና የሰው ሕይወት በመጠበቅ ኃላፊነት መካከል ይቆማል። የትኛው እንደሚቀድም ሕጉ በግልጽ አስቀምጧል።

አውሮፕላን መከራየት ሥልጣንን መከራየት አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1944 ዓ.ም. በተፈረመው የቺካጎ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ መሠረት፣ አውሮፕላኑን በተመለከተ የመጨረሻው ውሳኔ የአዛዥ አብራሪው ነው። ተከራዩ የጉዞውን መነሻ፣ መድረሻና ሰዓት ሊወስን ይችላል። በረራው ይጀመር ወይም አይጀመር፣ ይቀጥል ወይም ይቋረጥ የሚለውን ግን ሊወስን አይችልም። የከፈለው ገንዘብ መጠንም ሆነ ማኅበራዊ ደረጃው ይህን አይለውጠውም።

በተለይ ዓለም አቀፍ በረራዎችን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 1963 ዓ.ም. በቶኪዮ የተፈረመው ስምምነት ለአዛዡ ዝርዝር ሥልጣን ሰጥቷል። ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ናት። በስምምነቱ መሠረት አዛዡ አንድ ተሳፋሪ የበረራውን ደኅንነት ወይም በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለውን ሥርዓት የሚያውክ ተግባር ፈጽሟል ወይም ሊፈጽም ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሲኖረው፣ ተሳፋሪውን እስከ መግታት የሚደርስ ተመጣጣኝ እርምጃ መውሰድ ይችላል። የበረራ ሠራተኞችን እንዲያግዙት ማዘዝ ይችላል፤ ሌሎች ተሳፋሪዎችን ግን እንዲያግዙት መጠየቅ እንጂ ማስገደድ አይችልም። አውሮፕላኑ ባረፈበት አገር ተሳፋሪውን ሊያስወርደው፣ ድርጊቱ ከባድ ወንጀል ከሆነም ለሕግ አካላት ሊያስረክበው ይችላል።

ስምምነቱ ለአዛዡ ጥበቃም ያደርጋል። ስምምነቱን ተከትሎ ለተወሰደ እርምጃ አዛዡ፣ ሠራተኞቹ፣ ያገዙት ተሳፋሪዎች፣ የአውሮፕላኑ ባለቤትም ሆነ በረራው የተደረገለት ሰው ተጠያቂ አይሆኑም። በመሆኑም ደንበኛው ይከሰኛል በሚል ፍርሃት አስፈላጊውን እርምጃ ማዘግየት ሕጋዊ መሠረት የለውም።

በአየር ላይ አደጋው ለምን ይበረታል?

አደንዛዥ ዕፅ በምድርም ጎጂ ነው፤ ከፍታ ሲጨምርበት ግን ጉዳቱ ይባባሳል። የአየር ግፊታቸው በሚስተካከል አውሮፕላኖች ውስጥ እንኳ የተሳፋሪዎች ክፍል አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ሊሳሳ ይችላል። ግፊት በማይስተካከልባቸው አነስተኛ አውሮፕላኖች ውስጥ ደግሞ ተሳፋሪው የሚተነፍሰው በውጭ ያለውን ሥስ አየር ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከቦሌ የሚነሣ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ተራሮችን ለመሻገር ከዚያ በላይ መውጣቱ አይቀርም። እንደ ሄሮይንና ፈንታኒል ያሉ ንጥረ ነገሮች አተነፋፈስን ያዳክማሉ፤ ኦክስጅን ባነሰበት አየር ይህ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። እንደ ኮኬይንና ሜታምፌታሚን ያሉት ደግሞ የልብ ምትን ያፋጥናሉ፤ ሰውን ያስቆጣሉ፣ ያስደነግጣሉ፣ ያለ ምክንያት እንዲጠራጠርም ያደርጋሉ።

ሁለተኛው አደጋ እሳትና ጭስ ነው። በዝግ ክፍል ውስጥ የሚጨስ ካናቢስ ወደ አብራሪውም ይደርሳል። ክብሪት፣ ላይተርና የጋለ ቅሪት በጨርቅና በአረፋ በተሠሩ መቀመጫዎች መካከል፣ አንዳንዴም የኦክስጅን መሣሪያ አጠገብ፣ ሲገኙ የሚያስከትሉት አደጋ ግልጽ ነው።

ሦስተኛው አደጋ ርቀት ማጣት ነው። በትልቅ አውሮፕላን ውስጥ የተረበሸ ተሳፋሪና አብራሪው በተጠናከረ በር ይለያያሉ። በአነስተኛ የቻርተር አውሮፕላን ውስጥ ግን ተሳፋሪው እጁን ቢዘረጋ የአብራሪውን ትከሻ ወይም የመቆጣጠሪያ መሣሪያውን ሊነካ ይችላል።

ማወቅ የሚያስከትለው ኃላፊነት

የቻርተር በረራ በስፋት የሚካሄድባት የዩናይትድ ስቴትስ ሕግ ይህን ጉዳይ በግልጽ ካስቀመጡት አንዱ ነው። የአገሪቱ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ ሁለት መሠረታዊ ክልከላዎችን ይዟል። አንደኛው፣ በድንገተኛ አደጋ ጊዜ ካልሆነ ወይም ተገቢ የሕክምና ክትትል ያለው ሕመምተኛ ካልሆነ በስተቀር፣ በአደንዛዥ ዕፅ ተጽዕኖ ሥር መሆኑ ከሁኔታው የሚታይን ሰው አብራሪው እንዳያሳፍር ይከለክላል። ሁለተኛው፣ ሕግ ከፈቀደው ሁኔታ ውጭ፣ አደንዛዥ ዕፅ በአውሮፕላኑ ውስጥ መኖሩን እያወቁ ማብረርን ይከለክላል።

በሁለተኛው ክልከላ ውስጥ ወሳኙ ቃል “እያወቁ” የሚለው ነው። አብራሪው ሽታውን ካሸተተ፣ ዱቄቱን ካየ ወይም ተሳፋሪው ራሱ ከነገረው በኋላ ጉዳዩ የተሳፋሪው ብቻ ሆኖ አይቀርም። ምንም እንዳላየ ሆኖ ጉዞውን የቀጠለና ቀጣይ በረራ ያደረገ አብራሪ የሥራ ፈቃዱን እስከ ማጣት ሊደርስ ይችላል። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ካናቢስን ቢፈቅዱም በፌዴራል ሕግ አሁንም ቁጥጥር የሚደረግበት ንጥረ ነገር በመሆኑ፣ “በተነሣንበት ግዛት ተፈቅዷል” የሚለው ምክንያት ለአብራሪው አስተማማኝ መከላከያ አይሆንም።

ጉዳዩ የንብረት ባለቤቶችንም ይመለከታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ በተከራዮቿ እጅ ሳለች ማሪዋና የተገኘባት አንዲት የመዝናኛ ጀልባ፣ አከራዩ ድርጅት ስለ ድርጊቱ ምንም ባያውቅም መወረሷ ሕጋዊ ነው ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. የወጣ ሕግ በወንጀሉ እጃቸው ለሌለበት ባለቤቶች መከላከያ ቢሰጥም፣ ንብረቱ ተይዞ በሚቆይበት ጊዜ የሚደርሰው ኪሳራ ቀላል አይደለም። የቻርተር ድርጅቶች በኪራይ ውላቸው ውስጥ አደንዛዥ ዕፅን የሚከለክልና በረራው ቢቋረጥ ወጪውን ተከራዩ እንዲሸፍን የሚያደርግ አንቀጽ የሚያስገቡት ለዚህ ነው።

ከመነሣት በፊት

ልምድ ያላቸው አብራሪዎች ከሁሉም የሚመርጡት በምድር ላይ የሚሰጥ ውሳኔን ነው። በር ከመዘጋቱ በፊት የሚወሰድ እርምጃ የሚያስከትለው ቅሬታና የሰዓት መዛባት ብቻ ነው፤ ከተነሡ በኋላ ግን አማራጩ ይጠባል። ስለዚህ አብራሪው ተሳፋሪዎቹን ራሱ ተቀብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ በዚያውም አነጋገራቸውን፣ አረማመዳቸውንና የዓይናቸውን ሁኔታ ይመለከታል። የደኅንነት መግለጫ ሲሰጥም ማጨስና አደንዛዥ ዕፅ መጠቀም ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን፣ ክልከላው ከተጣሰ አውሮፕላኑ ሌላ ቦታ ሊያርፍ እንደሚችል ለሁሉም እኩል ያሳውቃል። መልእክቱ ለሁሉም በአንድነት ሲነገር ማንም ተለይቶ እንደተጠረጠረ አይሰማውም።

ጥርጣሬ ሲኖር አብራሪው ውሳኔውን ለብቻው መሸከም የለበትም። ለድርጅቱ የበረራ ክፍል ያሳውቃል፤ ድርጅቱም የአብራሪውን ውሳኔ መደገፍ ይጠበቅበታል። የስኳር ማነስ፣ የሚጥል በሽታና አንዳንድ የታዘዙ መድኃኒቶች ከስካር ጋር የሚመሳሰል ምልክት ስለሚያሳዩ፣ ጥያቄው በአክብሮት መቅረብ አለበት።

በአየር ላይ

ድርጊቱ ከተነሡ በኋላ ከታወቀ የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ማብረር ነው። ሁለት አብራሪዎች ካሉ አንዱ አውሮፕላኑን ይቆጣጠራል፤ ሌላው ከተሳፋሪው ጋር ይነጋገራል። አንድ አብራሪ ብቻ ከሆነ መቀመጫውን አይለቅም፤ አውቶፓይለት ካለ ይጠቀማል፤ ከተሳፋሪው ጋር የሚነጋገረውም በድምፅ ማስተላለፊያው ነው። በመነሣትና በማረፍ ወቅት ከበረራው ሥራ ውጭ ወደ ሌላ ጉዳይ አይዞርም።

ሁለተኛው አጭርና የረጋ ትእዛዝ ነው። ተሳፋሪው መጠቀሙን እንዲያቆም፣ የሚጨስ ነገር ካለ እንዲያጠፋ፣ የደኅንነት ቀበቶውን እንዲያስር ይነገረዋል። መከራከር፣ ማስፈራራትና በሌሎች ፊት ማዋረድ ነገሩን ያባብሰዋል። የተረጋጋ የጉዞ ባልደረባ ካለ እንዲያረጋጋው ይጠየቃል። ጭስ ካለ አየር እንዲገባ ይደረጋል፤ አብራሪውም እንደ አስፈላጊነቱ የኦክስጅን ጭንብል ያደርጋል።

ሦስተኛው የት እንደሚታረፍ መወሰን ነው። ተሳፋሪው ትእዛዙን ተቀብሎ ከተረጋጋ፣ በአቅራቢያ ወዳለ ነገር ግን አጭር ማኮብኮቢያ ወይም መጥፎ አየር ወዳለበት ቦታ መቸኮል ከተሳፋሪው የባሰ አደጋ ሊሆን ይችላል። ትእዛዙን እምቢ ካለ፣ ከተቆጣ ወይም ራሱን ከሳተ ግን የሕክምናና የፖሊስ አገልግሎት ወደሚገኝበት ቅርብና ተስማሚ አውሮፕላን ማረፊያ መሄድ ይገባል።

አራተኛው ማሳወቅ ነው። አብራሪው ሁኔታውን ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ይገልጻል፤ የሚፈልገው ሐኪም ይሁን ፖሊስ ለይቶ ይጠይቃል። ለአስቸኳይ ሁኔታ “ፓን ፓን”፣ ሕይወትን ለሚያሰጋ አደጋ ደግሞ “ሜይዴይ” የሚሉት ጥሪዎች ሦስት ጊዜ ይደጋገማሉ፤ በመለያ መሣሪያው ላይም 7700 ይሞላል። 7500 ግን አውሮፕላን ለመጥለፍና ለመሰል ሕገ ወጥ ጣልቃ ገብነት ብቻ የተመደበ ቁጥር ነው። ፖሊስ እንደሚጠብቅ ለተቆጣ ተሳፋሪ በአየር ላይ መንገር አይመከርም።

አብራሪው መርማሪ ወይም ፖሊስ አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። ሻንጣ መፈተሽ፣ ንጥረ ነገሩን ነጥቆ በኪሱ ማስቀመጥ ወይም ወደ ውጭ መጣል የእርሱ ሥራ አይደለም። የያዘው ዕፅ በእርሱ እጅ ቢገኝ ጥያቄው ወደ እርሱ ይዞራል። ዕፁ ባለበት እንዲቆይ ማድረግና የሕግ አካል ሲመጣ የታየውን መናገር ይበቃል።

ተሳፋሪው ሲታመም

ዕፅ የተጠቀመ ሰው አጥፊ ብቻ ሳይሆን ሕመምተኛም ሊሆን ይችላል። አተነፋፈሱ ከዘገየ፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ከጠቆረ፣ ሲጠሩት ካልነቃ፣ በጎኑ እንዲተኛ ተደርጎ የአየር መተላለፊያው ክፍት መሆኑ ይረጋገጣል፤ ኦክስጅን ይሰጠዋል። ግፊት በማይስተካከልበት አውሮፕላን ውስጥ፣ የመልክዓ ምድሩ አቀማመጥ ከፈቀደ ዝቅ ብሎ መብረርም ይረዳል። የተወሰደው ንጥረ ነገር ምን እንደሆነ ለሐኪም መንገር ሕይወት ያድናል። አብሮ ተጓዦች ቅጣትን ፈርተው መረጃ መደበቅ የለባቸውም።

ካረፉ በኋላ

አብራሪው ያየውን፣ የሰማውንና የወሰደውን እርምጃ ከነሰዓቱ በጽሑፍ ለድርጅቱና ለሚመለከተው የሲቪል አቪዬሽን አካል ያቀርባል። ሪፖርቱ ግምትን ከእውነታ ይለያል፤ “ኮኬይን ወስዷል” ከማለት ይልቅ “ነጭ ዱቄት በአፍንጫው ሲስብ ታይቷል” ማለት ትክክለኛ ነው። አውሮፕላኑም ተፈትሾ ነፃ መሆኑ ሳይረጋገጥ ወደ ቀጣይ በረራ አይሠማራም።

ስለ ጫት ልዩ ማስገንዘቢያ

ከኢትዮጵያ ለሚነሡ ዓለም አቀፍ የቻርተር በረራዎች ጫት የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ጫት በኢትዮጵያና በጅቡቲ ሕጋዊ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ግን የተከለከለ ነው፤ ብሪታንያም እ.ኤ.አ. ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክላዋለች። በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር በዩናይትድ ስቴትስ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው አንዱ ነው። በመሆኑም ወደ ጅቡቲ ሲጓዙ ችግር የማይፈጥር አንድ እስር ጫት፣ ወደ ጅዳ ሲጓዙ ለእስራት ሊዳርግ ይችላል። አብራሪው በመግለጫው ይህን ማንሳቱ፣ ተሳፋሪውም ከመነሣቱ በፊት ሻንጣውን መፈተሹ አስፈላጊ ነው። ሌሎች አደንዛዥ ዕፆችን ማዘዋወርና መጠቀም ግን በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 የሚያስቀጣ ተግባር ነው።

ከተሳፋሪዎች የሚጠበቀው

በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት የሚወስዱ ተሳፋሪዎች መድኃኒቱን ከማዘዣው ጋር በዋናው ማሸጊያው ይያዙ፤ እንቅልፍ የሚያስይዝ ወይም ባሕርይን የሚለውጥ ከሆነም ለአብራሪው አስቀድመው ያሳውቁ። አብሯቸው የሚጓዝ ሰው ዕፅ ሲጠቀም ካዩ በዝምታ አይለፉት፤ የሚበሩበት አውሮፕላን አንድ ነውና። በረራ እንዲሰረዝ ወይም አቅጣጫ እንዲቀይር ለወሰነ አብራሪ መተባበር የራስን ሕይወት መጠበቅ መሆኑን መገንዘብ ከሁሉም ይጠበቃል።