የአደጋ ካሳ ክስ፦ ከመፈረም በፊት ማን ምን እንደሚከፍል ይጠይቁ

በመኪና የተገጨ ወይም መንገድ ላይ ወድቆ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ካሳ ልጠይቅ ብሎ ሲነሣ መጀመሪያ የሚቀርብለት ወረቀት ከጠበቃው ጋር የሚፈራረመው ውል ነው። ውሉ የሚጻፈው በዕብራይስጥ ስለሆነ ብዙ አባቶችና እናቶች የሚይዙት በቃል የተነገራቸውን ብቻ ነው፦ «ካላሸነፍን ምንም አትከፍሉም»። ይህ አባባል አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው የጠበቃውን ክፍያ፣ ማለትም ስኻር ቲርኻን ነው። ለሐኪም፣ ለፍርድ ቤትና ለሰነድ የሚወጣው ገንዘብ፣ ሆጻኦት የሚባለው፣ ለብቻው የሚታሰብ ነው። ውሉ ካልከለከለ ክሱ ተሸንፎም ሂሳቡ ቤት ድረስ ሊመጣ ይችላል።

የመኪና አደጋ ሲሆን

በ1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በወጣው የእስራኤል ሕግ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ካሳ ለማግኘት ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ማስረዳት በመሠረቱ አይጠበቅበትም። መኪና ውስጥ የነበረ ከዚያው መኪና ኢንሹራንስ፣ እግረኛ ደግሞ ከገጨው መኪና ኢንሹራንስ ይጠይቃል። ገጪው ካመለጠ ወይም ኢንሹራንስ ከሌለው ካርኒት የሚባለው ፈንድ አለ።

በዚህ ዓይነት ጉዳይ ጠበቃ የፈለገውን መጠየቅ አይችልም። ጣሪያው ክስ ሳይመሠረት በስምምነት ካለቀ 8 በመቶ፣ ክስ ተመሥርቶ በስምምነት ካለቀ 11 በመቶ፣ በፍርድ ካለቀ 13 በመቶ ነው። በላዩ 18 በመቶ ማዓም ይጨመራል። ካሳው 100,000 ሸቀል ቢሆን ያለ ክስ ሲያልቅ ክፍያው ከነማዓሙ ከ9,440 ሸቀል፣ በፍርድ ሲያልቅ ደግሞ ከ15,340 ሸቀል አይበልጥም። ውሉ ላይ 20 በመቶ ተጽፎ ከተገኘ ብዕሩን ማስቀመጥ ነው።

ሐኪሙንም ቢሆን የሚመርጠው ፍርድ ቤቱ ነው፤ ክፍያውም አብዛኛውን ጊዜ በኢንሹራንሱ ላይ ይጣላል። ስለዚህ ለግል ሐኪም አስተያየት በሺዎች ሸቀል የተጠየቀ ሰው «ለምን አስፈለገ?» ማለት ይገባዋል። አደጋው በሥራ ወይም በሥራ መንገድ ላይ ከደረሰ ደግሞ ቢቱዋኽ ለኡሚ አስቀድሞ የወሰነው የአካል ጉዳት መቶኛ በመሠረቱ ፍርድ ቤቱንም ያስራል። ስለዚህ የሐኪሞቹ ቫዓዳ ፊት ሳይዘጋጁ መቅረብ ብዙ ያስከፍላል።

ከመኪና ውጭ ያለ ጉዳት

በተሰበረ የእግረኛ መንገድ ላይ መውደቅ ወይም የሕክምና ስህተት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ጥፋቱን ማስረዳት የከሳሹ ሸክም ነው። የሐኪም የጽሑፍ አስተያየት፣ ኻቫት ዳዓት የሚባለውን፣ ከክሱ ጋር አያይዞ ማቅረብም የራሱ ፈንታ ነው። ይህ በሺዎች የሚቆጠር ሸቀል ያስወጣል፤ የሕክምና ስህተት ከሆነ ከአንድ በላይ ባለሙያ ሊያስፈልግ ይችላል። ሐኪሙ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲጠየቅም የጊዜው ዋጋ አለው። የጠበቃው መቶኛ እዚህ ጣሪያ የለውም፤ በስምምነት ነው። የተሸነፈ ሰው የሌላውን ወገን ወጪ እንዲከፍልም ሊፈረድበት ይችላል። የፍርድ ቤቱ አግራ ግን ለአካል ጉዳት ክስ የተቆረጠ ነው፤ በተጠየቀው ካሳ ልክ አያድግም። አቅም የሌለው ሰው ነፃ እንዲደረግ ማመልከት ይችላል።

ከመፈረም በፊት

በማኅበረሰቡ ዘንድ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ምክር የሚጠይቀው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌውም አራት ነገር ቢያስጠይቅ ይበቃል፦ መቶኛው ስንት ነው? ማዓም በላዩ ነው ወይስ በውስጡ? የሐኪሙን ገንዘብ አሁን ማን ያወጣል? ክሱ ቢሸነፍስ ማን ይሸከመዋል? መልሱ በውሉ ላይ ይጻፍ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ውሉን ወደ ቤት ወስዶ ዕብራይስጥ በደንብ ለሚያነብ ልጅ ወይም ለሌላ ጠበቃ ማሳየት ነውር አይደለም።

ቶሎ መደረግ ያለበት ማስረጃ መያዝ ነው፦ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ፣ የመኪና አደጋ ከሆነ ለፖሊስ ማስታወቅ፣ የምስክሮችን ስም መጻፍ፣ ደረሰኝ ሁሉ ማስቀመጥ። ለክሱ ግን ሕጉ በመሠረቱ 7 ዓመት ይሰጣል። በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው የሕክምና ወጪውንና መተዳደሪያውን ከኢንሹራንሱ በጽሑፍ ቢጠይቅ፣ ዋናው ካሳ እስኪወሰን ድረስ በ60 ቀን ውስጥ መከፈል እንዲጀመርለት ሕጉ ያዛል። ስለዚህ በሆስፒታል አልጋ ላይ እንደተኙ፣ ያልተነበበ ወረቀት ላይ የሚያስፈርም ጥድፊያ የለም።