አገርዎ የት ነው ቢባሉ

ለቅሶ ቤትም ይሁን ሠርግ ቤት፣ አዲስ አበባ ውስጥ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው ስምዎን ከጠየቀ በኋላ «አገርዎ የት ነው?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው የቅርበት ነው፤ የጋራ ዘመድ ወይም የጋራ መንደር ቢገኝ ብሎ ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን መልሱ ከአፋችን ከመውጣቱ በፊት ቆም እንላለን። «ሰውየው ማወቅ የፈለገው መንደሬን ነው ወይስ ብሔሬን?» ብለን እናሰላለን። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የአገሩ ስምና ወሰን ደጋግሞ ሲለዋወጥ ለትውልድ ቦታ ያለን ፍቅር ምን ይሆናል? አገሩን በወላጆቹ ወሬ ብቻ የሚያውቀው የከተማ ልጅስ ምን ይወርሳል?

እስቲ ጉዳዩን በደብረ ሲና በኩል እንየው።

አንድ ቤት፣ ሦስት አድራሻ

የደሴን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ደብረ ሲናን ያውቃታል። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ደብረ ብርሃንን አልፈው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውን የጣርማ በር ዋሻ ሲያቋርጡ ጉምና ብርድ ይቀበልዎታል። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርድና ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች መኪናውን ይከቡታል። አሁንም ወረድ ሲሉ ሹራብዎን ያወልቃሉ፤ ማንጎና ፓፓያ፣ ሽንኩርትና ማሾ የሚመረትበት የሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ደርሰዋል።

ከዚህች ከተማ ወጥቶ አዲስ አበባ የከተመ አንድ ቤተሰብ እናስብ። በንጉሡ ዘመን ያደጉት አያት አገራቸውን ሲጠየቁ «ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ» ይላሉ። በደርግ ዘመን የተማሩት አባት «ሸዋ ክፍለ ሀገር» ብለው ፎርም ሞልተዋል። በ1980 ዓ.ም. ሸዋ ራሱ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ተከፈለ። መንግሥት ተለውጦ በ1984 ዓ.ም. ክልሎች ሲዋቀሩ፣ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ ሲውል፣ ለልጅየው «አማራ ክልል፣ ሰሜን ሸዋ ዞን፣ ጣርማ በር ወረዳ» የሚል አድራሻ ደረሰው። የአያትየው ቤት ግን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም።

ስሙ ሲበተን

ዛሬ ሸዋ የሚለው ስም በየዞኑ ተበትኖ ነው የሚገኘው። ምሥራቅ ሸዋ፣ ምዕራብ ሸዋና ደቡብ ምዕራብ ሸዋ በኦሮሚያ ክልል ናቸው። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ደግሞ ሁለት ነው፤ አንዱ ደብረ ብርሃንን ዋና ከተማ አድርጎ በአማራ ክልል፣ ሌላው ፍቼን ይዞ በኦሮሚያ። ከይፋት ጋር በአንድ አውራጃ ይጠራ የነበረው ጥሙጋም ስሙ ዛሬ የሚገኘው በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ፣ ጅሌ ጥሙጋ በሚባለው ወረዳ ነው።

ይህን ሁሉ እንደ ኪሳራ ብቻ መቁጠር ፍትሐዊ አይሆንም። አዲሱ አወቃቀር ብዙዎች በቋንቋቸው እንዲማሩና እንዲዳኙ በር ከፍቷል፤ አርጎባዎችም በስማቸው የሚጠራ ልዩ ወረዳ አግኝተዋል። ለአንዱ የጠፋ ስም ለጎረቤቱ የተገኘ ስም ሊሆን ይችላል። «ሸዋ» ሲባል የአያቱ ጓሮ ትዝ የሚለው አለ፤ የቤተ መንግሥት ሥልጣን ትዝ የሚለውም አለ። አገሩን የሚወድ ሰው ሁለቱንም መስማት መቻል አለበት።

የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው፤ «የአገር ልጅ» የሚለው ቃል እየጠበበ መምጣቱ። ለአያትየው የአገር ልጅ ማለት በአንድ ገበያ የሚገናኝ ሰው ነበር። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ ሲሄዱ የሚያገኙት የሰንበቴ የእሑድ ገበያ ለዚህ ምስክር ነው። ከደጋ የወረደው ከቆላው ጋር፣ አማራው ከኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ጋር የሚገበያይበት ቦታ ነው። በገበያው የሚገናኙት ሰዎች በቋንቋም በሃይማኖትም ይለያያሉ፤ ግን አንዱ የሌላውን ሰላምታ ያውቃል፣ በሠርጉም በለቅሶውም ይደርሳል። የልጅ ልጅየው ግን ያንን አካባቢ በአብዛኛው የሚያውቀው በካርታ ነው። በካርታ ላይ የሚታየው ደግሞ መስመሩ ነው፤ ገበያው አይታይም።

መንገዱ ሲዘጋ

ስም ቢቀያየርም መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ፍቅር መላ አያጣም። ለገና ወይም ለፋሲካ ቤተሰቡን ይዞ አያት ቤት የደረሰ ልጅ፣ የክልል ስም ሳይነግሩት አገሩን ይወዳል። ያለፉት ዓመታት ከሁሉ በላይ የጎዱት ይህንን ነው።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው በተነሣው ግጭት ሰዎች ሞቱ፣ ቤቶች ተቃጠሉ፣ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቀለ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትንና የደብረ ሲናን አካባቢ አዳረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ያ መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ፣ ሲከፈት ቆይቷል። የደብረ ሲና ተወላጅ ከሆኑ፣ ከጉዞ በፊት «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ መደወል ምን ማለት እንደሆነ አይነገርዎትም። የወላጅ ቀብር ላይ መድረስ ያልቻሉም አሉ።

በዚህ ጊዜ ፍቅር ሁለት ዓይነት መልክ ይይዛል። አንዱ ዝምታ ነው፤ ወላጅ ልጁ እንዳይጨነቅ ብሎ አገሩን ማንሣት ያቆማል። ሌላው ቂም ነው፤ ስለ አገሩ የሚነሣው ማን አቃጠለ፣ ማን ገደለ በሚል ብቻ ይሆናል። የሆነው መደበቅ የለበትም። ነገር ግን አንድ ልጅ ስለ አጣዬ የሚያውቀው መቃጠሏን ብቻ ከሆነ፣ አገር ወረሰ ለማለት ይከብዳል።

የጀርመን ታርጋና የደብረ ሲና ቆሎ

በገበያ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ስምን በቀላሉ አናየውም። አንድ ስም በሰው ልብ ከገባ ፋብሪካው ቢሸጥም፣ ባለቤቱ ቢለወጥም ይቆያል። የአገር ስምም እንዲሁ ነው። በጀርመን ወረዳዎች ሲዋሐዱ የድሮ ወረዳዎች ፊደል ከመኪና ታርጋ ላይ ወጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የድሮዎቹ ፊደላት እንደገና ሲፈቀዱ ብዙ አሽከርካሪዎች ፈልገው አስለጠፏቸው። ወረዳዎቹ ወደ ድሮ ወሰናቸው አልተመለሱም፤ የተመለሱት ፊደላቱ ብቻ ናቸው። ማንም ሰው የጎረቤቱን ድርሻ ሳይወስድ የናፈቀውን ስም አገኘ።

የእኛው ደግሞ የደብረ ሲና ቆሎ ነው። ጠቅላይ ግዛት ወደ ክፍለ ሀገር፣ ክፍለ ሀገር ወደ ክልል ሲለወጥ ቆሎው «የደብረ ሲና» እንደተባለ ቀጥሏል። ይፋት የሚለው ስምም እንዲሁ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሙስሊም ሱልጣኔት መጠሪያ ነበር፤ በኋላ የክርስቲያኑ መንግሥት ግዛት ሆነ፣ ከዚያ አውራጃ ሆነ። ዛሬም ቆላውን የሚያውቅ ሁሉ ይፋት ይለዋል። ይህን ያህል መንግሥት ያሳለፈን ስም የአንድ ወገን ብቻ ማድረግ አይቻልም።

ለልጆችዎ ምን ያወርሳሉ?

መንገዱን እርስዎ አይከፍቱት ይሆናል። ቤት ውስጥ ግን ማድረግ የሚችሉት አለ።

በመጀመሪያ አያቶችን በስልክዎ ይቅረጹ። የፖለቲካውን ጉዳይ ይተዉትና የቦታውን ስም ይጠይቁ፤ ምንጩ፣ ወንዙ፣ ዳገቱ፣ የገበያው ቀን። እነዚህ ስሞች በየትኛውም መታወቂያ ላይ አይጻፉም፤ አያት ሲያልፉ አብረው ያልፋሉ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጎረቤቶች ያስነግሩ። በዓል ሲደርስ ማን ምን ይዞ ይመጣ ነበር? በሽማግሌነት ማን ይጠራ ነበር? ልጅዎ የአያቱን አገር ከነጎረቤቱ ሲያውቅ፣ የዚያን ጎረቤት ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ወይም ቢሮ ሲያገኘው እንደ ባዳ አያየውም።

ሦስተኛ፣ ልጅዎ «አገሬ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ በአንድ ቃል አይመልሱለት። የተወለደበትን አዲስ አበባንም፣ አያቱ ያሉበትን ደብረ ሲናንም፣ ኢትዮጵያንም ይንገሩት። አንዱን ለመውደድ ሌላውን መተው እንደሌለበት ከእርስዎ ይስማ።

ሰላም ሆኖ ጉዞው ሲሳካልዎ ደግሞ ልጆቹን ቀን ይውሰዷቸው፤ በመስኮት በኩል እንዲተኙ አይፍቀዱላቸው። የጣርማ በርን ብርድ ይቅመሱ። ደብረ ሲና ላይ መኪናውን ያቁሙና ቆሎውን ራሳቸው ይግዙ፤ ሻጯንም አገሯ የት እንደሆነ ይጠይቋት። እሷ እንደሆነች «እዚሁ ነዋ!» ብላ ትስቅባቸዋለች።