የውሃ ልስላሴ የጤናማነት ማረጋገጫ ነውን? ከአንዲት የዌልስ ሸለቆ ከተማ የሚገኝ ትምህርት

ሳሙና በቀላሉ አረፋ የሚያወጣበትና በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የማይተው የቧንቧ ውሃ በኅብረተሰቡ ዘንድ ብዙ ጊዜ «ጥሩ ውሃ» ተብሎ ይወደሳል። ይሁን እንጂ የውሃ ጥንካሬና የውሃ ጤናማነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ልዩነት በግልጽ ከሚያሳዩ ቦታዎች አንዷ በደቡብ ዌልስ በታፍ ወንዝ ሸለቆ የምትገኘው የመርተር ቲድፊል ከተማ ናት።

የውሃ ጥንካሬ ምንነት

የውሃ ጥንካሬ የሚባለው በውሃ ውስጥ የሟሙት የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠን ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ባለ ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ይገለጻል። በተለመደው አመዳደብ እስከ 60 ሚሊግራም ያለው ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠንካራ፣ ከ180 በላይ ያለው ደግሞ በጣም ጠንካራ ይባላል።

በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ያለፈ ውሃ ጠንካራ ይሆናል። ለመርተር ቲድፊል የሚቀርበው ውሃ ግን በአብዛኛው ከከተማዋ በስተሰሜን በሚገኙት የብሬከን ቢከንስ ተራሮች የሚዘንብ ዝናብ ነው። ዝናቡ ካልሲየም እምብዛም በሌለው የአሸዋ ድንጋይና በበሰበሰ ዕፅዋት በተሞላ ረግረጋማ አፈር ላይ ወርዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ተሠርቶ በተጠናቀቀው የፖንትስቲኪል ግድብና በመሰሎቹ ይጠራቀማል። በዚህም ምክንያት ውሃው በተፈጥሮው ለስላሳ ነው፤ ወደ አሲድነትም ያዘነብላል።

የከተማዋ ታሪክ የሚያስተምረው

መርተር ቲድፊል በ19ኛው መቶ ዘመን በብረት ማቅለጫዎቿ የታወቀች፣ በዘመኑም በዌልስ ትልቋ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1849 የገባው የኮሌራ ወረርሽኝ ከ1,400 በላይ ነዋሪዎቿን ገድሏል። ገዳዩ የውሃው ጥንካሬ ወይም ልስላሴ ሳይሆን በዓይነ ምድር መበከሉ ነበር። ስለዚህ የውሃ ጥራት ሲመረመር ቀዳሚው ጥያቄ ተዋሲያንን የሚመለከት ነው። ዛሬ ከተራራ ግድቦች የሚመጣ ውሃ ተጣርቶና በክሎሪን ታክሞ ይሰራጫል። ማጣራቱ በተለይ የሚያስፈልገው ከግጦሽ መሬት ታጥቦ ሊገባ የሚችለው ክሪፕቶስፖሪዲየም ክሎሪንን የሚቋቋም በመሆኑ ነው።

ለስላሳ ውሃና የልብ ሕመም

ለስላሳ ውሃ የልብና የደም ሥር ሕመምን ያባብሳል የሚል ሥጋት ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። በብሪታንያ በ253 ከተሞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመው ጥናት፣ ውሃቸው በጣም ለስላሳ በሆነ ከተሞች በእነዚህ ሕመሞች የሚሞቱት ሰዎች ቁጥር መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ውሃ ካላቸው ከተሞች ከ10 እስከ 15 በመቶ ከፍ እንደሚል አመልክቶ ነበር። ከዚያው ጥናት ሥር በግለሰቦች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የረጅም ጊዜ ክትትል ግን ጠንካራ ውሃ ከልብ ሕመም እንደሚከላከል አላረጋገጠም። የዓለም የጤና ድርጅትም በጤና ላይ የተመሠረተ የውሃ ጥንካሬ ወሰን አላስቀመጠም።

ዋናው አደጋ፦ እርሳስ

ለስላሳና አሲዳማ ውሃ በጤና ረገድ የሚያሳስበው በውስጡ ባለው ነገር ሳይሆን በመንገዱ ላይ አሟሙቶ በሚወስደው ነገር ነው። ጠንካራ ውሃ በቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚጋገር ቅርፊት በመፍጠር ብረቱን በከፊል ሲሸፍን፣ ለስላሳው ውሃ ግን ይህን መሸፈኛ አይሠራም። ስለዚህም በአሮጌ ቤቶች ካለው የእርሳስ ቧንቧ ሊድ በሚል ስያሜም የሚታወቀውን መርዛማ ብረት ያሟማል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1970 በፊት በተሠሩ ቤቶች እንዲህ ያለ ቧንቧ ሊገኝ ይችላል፤ በዌልስ ሸለቆዎች ደግሞ በ19ኛው መቶ ዘመን የተገነቡ የሠራተኛ ቤቶች ብዙ ናቸው።

ችግሩን ማቃለል እንደሚቻል በስኮትላንድ የምትገኘው ግላስጎው አሳይታለች። የዚህች ከተማ ውሃም በጣም ለስላሳ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ኖራ ተጨምሮበት አሲድነቱ ከቀነሰ በኋላ በነዋሪዎቹ ደም ውስጥ የተገኘው የእርሳስ መጠን ዝቅ ብሏል። በብሪታንያ የውሃ አቅራቢዎች አሁን በሰፊው የሚጠቀሙት ኦርቶፎስፌት በቧንቧው ላይ በቀላሉ የማይሟማ ሽፋን ይፈጥራል። በእንግሊዝና በዌልስ የሚፈቀደው የእርሳስ መጠን በአንድ ሊትር ከ50 ማይክሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ 25፣ በ2013 መጨረሻ ደግሞ ወደ 10 ዝቅ እንዲል ተደርጓል። ሆኖም በቤቱ ክልል ውስጥ ያለው ቧንቧ የባለቤቱ ኃላፊነት በመሆኑ፣ ውሃው ከማጣሪያ ጣቢያ ንጹሕ ሆኖ ቢወጣም በመኖሪያ ቤት ሊበከል ይችላል።

ለጤና ባለሙያ

እርሳስ በውሃ ውስጥ ሽታ፣ ቀለምም ሆነ ጣዕም የለውም። የሚያስከትላቸው ምልክቶችም፣ ማለትም የሆድ ቁርጠትና ድርቀት፣ የደም ማነስ፣ ድካም፣ በሕፃናት ላይ የአእምሮ ዕድገትና የትምህርት መዘግየት፣ ለሌላ ሕመም በቀላሉ ይሰጣሉ። ይበልጥ የሚጎዱት ጽንሶችና ሕፃናት ናቸው፤ በተለይ በቧንቧ ውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት የሚመገብ ሕፃን ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ውሃ ይጠጣል። ጉዳት አያደርስም የሚባል የእርሳስ መጠን አልታወቀም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲገኝ ምንጩ ተፈልጎ ሊወገድ ይገባል።

ለቤተሰብ የሚሰጠው ምክር የሚከተለውን ማካተት ይኖርበታል፦
- ውሃ ማፍላት እርሳስን አያስወግድም፤ ውሃው በተነነ መጠን እንዲያውም ክምችቱ ይጨምራል።
- ሌሊቱን በቧንቧ ውስጥ ያደረ ውሃ ለመጠጥ ከመቀዳቱ በፊት ሊፈስስ ይገባል።
- ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ከሙቅ ውሃ ቧንቧ መቅዳት አያስፈልግም፤ ሙቅ ውሃ ብረትን የበለጠ ያሟማል።
- ዘላቂው መፍትሔ ቧንቧውን መለወጥ ነው።

ይህ ትምህርት በአገራችንም አግባብ አለው። በስምጥ ሸለቆ ከሚገኙ የጉድጓድ ውሃዎች ብዙዎቹ ካልሲየማቸው አነስተኛ፣ ፍሎራይዳቸው ግን የዓለም የጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ በመሆኑ ጥርስንና አጥንትን ይጎዳሉ። ይህም ቢሆን በማፍላት አይወገድም። ስለሆነም የጤና ባለሙያው ስለ ታካሚው የመጠጥ ውሃ ሲጠይቅ «ጥሩ ነው» በሚለው መልስ ሳይወሰን፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ በምን ቧንቧ እንደሚያልፍና መቼ እንደተመረመረ ማጣራት ይጠበቅበታል።