ፋይሉ ክልል ያለ መኪና ልትገዙ ነው?

ሰሞኑን አንድ ደንበኛዬ ደወለልኝ። በደላላ በኩል ሐዋሳ ቪትዝ አግኝቷል፤ ዋጋው ከአዲስ አበባው ረከስ ይላል፣ ሊብሬውንም አይቷል። ቀብዱን ሊልክ ነው።

ቆይ አልኩት። ሊብሬ ስም ይነግራችኋል እንጂ ዕዳ አይነግራችሁም። የባንክ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እገዳ፣ ያልተከፈለ ቀረጥ የሚታየው ከፋይሉ ነው፤ ፋይሉ ደግሞ ያለው መኪናው በተመዘገበበት ትራንስፖርት ቢሮ ነው። ብር ከመውጣቱ በፊት ከሻጩ ጋር እዚያው ሄዳችሁ አጣሩ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩንም መኪናው ላይ በዓይናችሁ እዩ፤ በቴሌግራም የተላከ ፎቶ አይበቃም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ አይቅር።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ውክልና ነው። ፋይል ማዘዋወር ስለሚያሰለች «ለጊዜው በውክልና ንዳው» ይባላል። ውክልና ሽያጭ አይደለም! ሻጩ ሊሽረው ይችላል። ከሞተ ደግሞ ውክልናው በመርህ ደረጃ አብሮት ያበቃል፤ እናንተ ከወራሾቹ ጋር ችሎት ለችሎት ትንከራተታላችሁ። የሻጩ አበዳሪም መኪናውን ሊያሳግድ ይችላል፣ መዝገቡ ላይ ያለው የሻጩ ስም ነውና። የሽያጭ ውሉን ውልና ማስረጃ ፊት ተፈራረሙ፣ ስሙንም ሳትውሉ ሳታድሩ አዙሩ።

«ደላላው እኮ የታመነ ሰው ነው» አለኝ ደንበኛዬ።

«ውሉ ላይ ይፈርማል?» ስለው ዝም አለ።